የአሉሚኒየም ቫልቭ ክዳን በእጅ ፈግፍጎ ማብራት፦ ጭረቱ ለምን አይጠፋም?

ራንዴላ ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የሞተሩን አናት ከላይ ስለሚሸፍነው ቫልቭ ክዳን ነው፤ ብዙ ጋራዥ ታፔት ከቨር የሚለው። ክዳኑ ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ የኮሮላ ዕቃ ነው። ማግኔት አይዘውም። የፋብሪካው ጥቁር ቀለም ግማሹ ተልጦ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት አውጥቷል። ግራይንደርም የፖሊሽ ማሽንም የለም፤ ሥራው ሁሉ በእጅ ነው።

ቀለሙ ከተነሣ በኋላ ቁጥር 180፣ ቀጥሎ 400፣ ቀጥሎ 1000 የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ በመጨረሻ የብረት ፖሊሽ ሄደበት። ከሩቅ ያበራል። ወደ መስኮት ዘንበል ሲል ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ከዳር እስከ ዳር ይታያሉ። ፖሊሹ በተደጋገመ ቁጥር ጭረቱም አብሮ ያበራል እንጂ አይጠፋም። የተሻለ ፖሊሽ ይገዛ ወይስ ችግሩ ሌላ ነው? ሁለተኛ፣ ቴስታታውም (ከክዳኑ ሥር ያለው የሲሊንደሮቹ ራስ) ስለሚወርድ እሱንስ የት የት መፈግፈግ ይቻላል?


የቴስታታ ሰው ፦

ወንድሜ፣ ለፖሊሽ ገንዘብ አታውጣ። ብርሃኑን የሚያመጣው ወረቀቱ ነው። አሁን የምታየው ጭረት የ180ው ነው። ከ180 ወደ 400 ስትዘል 400ው የጭረቱን አናት አናቱን አለሰለሰው፣ ሸለቆው ግን እንዳለ ቀረ። 1000ው ጨርሶ አልደረሰበትም። ፖሊሽ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ እሱንም ያበራዋል፤ ለዚህ ነው በደጋገምከው ቁጥር ጎልቶ የሚታየው።

ወደ 180 ተመለስና እንዲህ ውጣ፦ 180፣ 240፣ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። የቀረጻው ቆዳ በጣም ሸካራ ከሆነ፣ የአሸዋ ቅርጽ የሚመስል ጉብጉብ ካለው፣ ከ120 ጀምር። ከ80 በታች አትውረድ፤ የ60 ጭረት በእጅ ለማውጣት ቀናት ይወስዳል።

አቅጣጫ ቀይር። 180ውን በክዳኑ ርዝመት ከሄድክበት 240ውን በወርዱ፣ 320ውን ደግሞ በርዝመቱ። እንዲህ ሲሆን የቀደመው ቁጥር ጭረት ከአዲሱ ጋር መስቀል ስለሚሠራ ዓይንህ ወዲያው ይለየዋል። በክብ ከፈገፈግክ ሁሉም ይደባለቅና የትኛው የማን እንደሆነ አታውቅም። የቀደመው ጭረት አንድም ሳይቀር ከጠፋ በኋላም ወዲያው አትለፍ፤ እስከዚያ የፈጀብህን ጊዜ ግማሽ ያህል ጨምርበት። ጭረት ከሚታየው ጥልቀት በታችም ብረቱን ያደቅቀዋል፣ ያ የደቀቀ ንብርብር ካልተነሣ በፖሊሽ ጊዜ ደመና ሆኖ ብቅ ይላል።

በየቁጥሩ መካከል ክዳኑን፣ እጅህን፣ የውሃውን ዕቃና ማሻሻ ጨርቁን እጠብ። በ800 ስትሠራ አንዲት የ180 ፍሬ ጨርቁ ላይ ብትቀር የአንድ ሰዓት ሥራ ታበላሻለች።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርህ፦ የባለ 4 ሲሊንደር ክዳን በእጅ ብቻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ንጹሕ ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። እዚያ የተቻኮለ በኋላ ይከፍላል። ለ180ና 240 ከ3 እስከ 4 ሙሉ ወረቀት፣ ከ320 እስከ 800 ሁለት ሁለት፣ ከዚያ በላይ አንድ አንድ ይበቃል።


ማይክሮን ፦

የቴስታታ ሰው ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ከቁጥሩ ፊት "ፒ" የሚል የላቲን ፊደል ካለ በአውሮፓ መለኪያ የተሠራ ነው። ከሌለ የአሜሪካ መለኪያ ሊሆን ይችላል። እስከ 220 አካባቢ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ በላይ ይለያያሉ። "ፒ" 400 ማለት ፍሬው 35 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ነው፤ የአሜሪካው 400 ደግሞ 23 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም ወደ "ፒ" 800 የተጠጋ። የአሜሪካው 600 ከ"ፒ" 1200 ጋር ይመሳሰላል።

ስለዚህ አንድ ሰው ሳያውቅ "ፒ" 320 ተጠቅሞ ቀጥሎ "ፒ" የሌለውን 400 ቢያነሣ ከ46 ማይክሮን ወደ 23 ዘለለ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ እርምጃ ይመስላል፣ ፍሬው ግን በግማሽ ወርዷል። ከዚያ በኋላ "ፒ" 600 ቢይዝ ደግሞ ወደ ሻካራው ይመለሳል፣ ፒ 600 ወደ 26 ማይክሮን ነውና። ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ዓይነት ወረቀት ሙሉውን ተከታታይ መግዛት ይሻላል።

ለአሉሚኒየም በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን ወረቀት ውሰዱ። ፍሬው ሲሊኮን ካርባይድ ነው፣ ስለታም ነው፣ ጀርባውም ውሃ አይበትነውም። ቡናማው የእንጨት ወረቀት ለመጀመሪያው 120 ወይም 180 ደረቅ ሥራ ቢሆን እንጂ ከዚያ በኋላ አይረዳም።


ሞርሳ ፦

ከመፈግፈጉ በፊት ያለውን ላንሣ፤ ሥራው እዚያ ይበላሻልና።

ቅባቱን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ አጥቡት፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና ኦሞ። በቤንዚን ማጠብ ይቅር፤ ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ሩቅ ካለ ምድጃ እሳት ይዞ ይመለሳል። ቀለሙን በቀለም አንሺ ኬሚካል፣ በጓንትና በክፍት ቦታ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ላይ በፍጹም አይደረግም። ቀለሙን ያነሣል ብለው የሚነክሩት አሉ፤ አዎ ያነሣል፣ ነገር ግን ብረቱንም አብሮ ይበላል። ሲንተከተክ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ የሚቀረው ፊት ደግሞ ጥቁርና ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የባትሪ አሲድም እንዲሁ ይከልከል።

የብረት ሽቦ ቡርሽና የብረት ሱፍም አታስጠጉ። ጥቃቅን የብረት ስባሪ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰካል፣ እርጥበት ሲያገኝ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፣ ዙሪያውንም ይበላዋል። የነሐስ ሽቦ ወይም የናይሎን ቡርሽ ይሁን።

በደረቁ ስትፈገፍጉ አሉሚኒየም ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፤ ፍሬው መካከል ግራጫ እብጠት ታያላችሁ። ያቺ እብጠት ከወረቀቱ ፍሬ ይልቅ ትልቅ ናት፣ ጥልቅ ቦይ ትቆርጣለች። ለዚህ ነው ከ240 ጀምሮ በእርጥቡ የሚሠራው። ግማሽ ባልዲ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ነጭ ጋዝ የሚጠቀሙም አሉ፣ ወረቀቱን የበለጠ ያኖረዋል፤ ሽታውና እሳቱ ግን ስላለ እኔ ውሃና ሳሙናን እመርጣለሁ። ወረቀቱን ከመጀመራችሁ 15 ደቂቃ በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ለስልሶ ይታጠፋል።

በባዶ ጣት አትፈግፍጉ። የጣት ግፊት ሦስት ቦይ ይሠራል፣ ከሩቅ ማዕበል ይመስላል። ለጠፍጣፋው ክፍል እንጨት ላይ የተለጠፈ የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ለጎበጠው የነጠላ ጫማ ሶል በምላጭ ተቆርጦ፣ ለጠባብ ሸለቆው ደግሞ ክብ እርሳስ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት። ለተቀረጹት ፊደላት የትምህርት ቤት ላጲስ ላይ ወረቀት ጠቅልላችሁ አናታቸውን ብቻ ሂዱበት፣ መሬታቸውን ቀለም እንዳለው መተው ያምራል። ፊደል ዙሪያ ያለውን ማዕዘን ለማብራት የሚታገል ሰው የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል።


ራንዴላ ፦

ተመስገን፣ ገብቶኛል። ወደ 180 ተመልሼ ግማሹን ጎን ጨረስኩ፣ ጭረቱ ጠፍቷል። ነገር ግን አንድ ጥግ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሲፈገፈጉ እንደመጥፋት ይበዛሉ። ይህ ዝገት ነው?


የቴስታታ ሰው ፦

ዝገት ከሆነ ሲፈገፈግ ያንሳል። እየበዛ የሚሄድ ከሆነ የቀረጻው የአየር ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ አቁም። ቀልጦ በግፊት የተቀረጸ አሉሚኒየም ላይኛው ቆዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ነው፤ ከሥሩ ግን እንደ እንጀራ ዓይን አየር ያዘለ ነው። ቆዳውን ካለፍከው ማለቂያ የለውም፣ የክዳኑንም ውፍረት ታሳሳለህ። የቀሩትን ነጥቦች ባሉበት ትተህ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፍ። ከአንድ ክንድ ርቀት አይታዩም።

ከአሁኑ ደግሞ የምትጠብቀውን እወቅ። ጃፓኖቹ ለእንዲህ ያለ ቀረጻ የሚጠቀሙበት ኤዲሲ 12 የሚባለው ቅይጥ ከ9.6 እስከ 12 በመቶ ሲሊኮን አለው፣ መዳብም አለበት። ሲበራ ሞቅ ያለ ግራጫ መስታወት ይሆናል። የክሮም ነጭነት አይወጣውም፤ ያን ፍለጋ ሌሊት አትደር።


ዘይትና ውሃ ፦

ሁላችሁም ስለ ውጩ እያወራችሁ ነው፤ ሞተር የሚገድለው ግን የክዳኑ ውስጥ ነው። ራንዴላ፣ እባክህ ክዳኑን ገልብጠው። መሃሉ ላይ በሪቬት ወይም በትንንሽ ብሎን የተያዘ ቀጭን ላሜራ ታያለህ። ያ የሞተሩ ጭስ በትንፋሽ ጎማው ሲወጣ ዘይቱን የሚያስቀር መከላከያ ነው። ከላሜራውና ከክዳኑ መካከል ባዶ ክፍል አለ። በእርጥቡ ስትፈገፍግ ውሃው በትንፋሽ ቀዳዳው፣ በዘይት መሙያውም ገብቶ እዚያ ክፍል ውስጥ ጭቃ ያስቀምጣል። ጭቃው የወረቀት ፍሬና የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። ደርቆ ይጣበቃል፣ ብታራግፈው ድምፅ የለውም፣ ብታየው አይታይም። ሞተሩ ሞቆ ትኩስ ዘይት ሲረጨው ይለቅና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ይዘንባል፣ ከዚያ ወደ ታች ዘይቱ ጋር።

ማይክሮን የሰጠችውን ቁጥር አስታውሱ፦ "ፒ" 400 ፍሬ 35 ማይክሮን፣ ማለትም 0.035 ሚሊ ሜትር። የክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ለስላሳ መቀመጫ፣ የዘይት ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬው ልክ እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ነው። ለስላሳው ብሮንዚና ፍሬውን ይውጠዋል፣ ፍሬው ግማሹ ወጥቶ ጠንካራውን ክራንክ እንደ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ዘይት ማጣሪያ አለ አትበሉ፤ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ማለፊያ ቫልቩ ተከፍቶ ሳይጣራ ያልፋል። ጄኔራል ሞተርስ ጓርኒሲዮን (ጋስኬት፣ በሁለት ፊቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) መፋቂያ ሻካራ የናይሎን ዲስኮችን ሞተር ላይ እንዳይጠቀሙ ለጋራዦቹ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዲስኩ የሚረግፈው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ብሮንዚና ይበላ ነበር።

ስለዚህ፦ ላሜራው በብሎን ከሆነ ፍታው። በሪቬት ከሆነና ሪቬቱን በትራፓኖ አውጥተህ በልኩ በብሎን መልሰህ ማሰር የማትችል ከሆነ አትንካው፤ ይልቅ ከመጀመርህ በፊት ቀዳዳዎቹን ሁሉ ድፈን። የትንፋሽ ጎማ መግቢያውን በጎማ ቡሽ፣ የዘይት መሙያውን በራሱ ክዳን፣ የካንዴላ ጉድጓዶቹን በጨርቅና በወረቀት ፕላስተር፣ የታችኛውን ፊት በሙሉ ደግሞ በወፍራም ፕላስቲክና በፕላስተር። በብሎን መልሰህ የምታስር ከሆነም የክር ማጣበቂያ አድርግ፤ አንድ ብሎን ተፈትቶ ካም ላይ ቢወድቅ ከጭቃውም የከፋ ነው።

ሥራው ሲያልቅ በሙቅ ውሃና ኦሞ በጠርሙስ ቡርሽ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ውሃ እየቀየርክ። በቲነር ወይም በነጭ ጋዝ ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ ቅባቱን ያነሣል ፍሬውን ግን ባለበት ይተወዋል፣ ፍሬ የሚያነሣው ሳሙናና ቡርሽ ነው። ከደረቀ በኋላ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በንጹሕ የሞተር ዘይት ነክረህ ውስጡን ጥረግ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና ታጠብ። ነጭ እስኪሆን ድረስ አያልቅም።


ቮልስ ወዳድ ፦

ማግኔት አይዘውም የሚለው አረፍተ ነገር ላይ ቆም እንበል። ማግኔት የማይዘው አሉሚኒየም ብቻ አይደለም፤ ማግኒዚየምም አይዘውም። የአሮጌው ቮልስ የሞተር ቤት፣ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት ትልቁ ቀረጻ፣ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ቴስታታዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ሲሊንደሮቹ ቀረጻ ብረት፣ የቫልቭ ክዳኖቹ ደግሞ የተጫነ ላሜራ። በአንድ ሞተር ላይ ይህ ሁሉ አለ። አንዳንድ ፋብሪካም የቫልቭ ክዳኑን ራሱን ከማግኒዚየም ቀርጾ ያወጣል።

የማግኒዚየም ደቃቅ ብናኝ በብልጭታ ይያያዛል፣ ሲነድ ከ3000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። ውሃ ከረጫችሁበት ሃይድሮጅን አውጥቶ ይብሳል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አያጠፋውም፤ የሚያፍነው ፍጹም የደረቀ አሸዋ ነው። አንድ ባልዲ አጠገባችሁ ሳይኖር የቮልስ ሞተር ቤት አትፈግፍጉ፣ ብናኙንም ወለል ላይ አታጠራቅሙ፣ በአጠገቡ ግራይንደር አታስነሡ። እርጥብ ብናኝ በተዘጋ ዕቃ ማስቀመጥም አይገባም፤ ጋዝ ይፈጥራል።

መለያው ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ትንሽ ፋቁና ንጹሑ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ጣሉ። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። አሉሚኒየም ዝም ይላል። ክዳኑ ውስጥ የተቀረጸ ምልክትም አንዳንዴ አለ፤ ኤዜድ 91 የሚል ካያችሁ ማግኒዚየም ነው። ደግሞም ማግኒዚየም ቢበራ እንኳ በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል፤ እሱን ጠርጎ መቀባት እንጂ ማብራት ትርፍ የለውም።


ራንዴላ ፦

ኮምጣጤው ተደርጓል፣ ዝም ብሏል፤ አሉሚኒየም ነው። ላሜራው በብሎን ስለሆነ ተፈቷል፣ ከሥሩም ዘይትና ውሃ እንዳለው ግራጫ ጭቃ ነበር። በጣም አመሰግናለሁ። አሁን የጓርኒሲዮኑ መቀመጫ ፊት ቀርቷል፣ የክዳኑም የቴስታታውም። እሱም እስከ 2000 ይሂድ?


የቴስታታ ሰው ፦

አይሂድ። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

የክዳኑ ታችኛ ፊት የጎማ ጓርኒሲዮን ስለሚቀመጥበት የሚፈለገው ንጹሕና ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኛ፣ በላዩ "ፒ" 320 ወረቀት በውሃ ለጥፍ፣ ክዳኑን በሁለት እጅህ ያዝና በራሱ ክብደት ብቻ ስምንት ቁጥር እየሠራህ አንቀሳቅሰው። ከመጀመርህ በፊት ፊቱን በማርከር ቀባው። ከሃያ ዙር በኋላ ማርከሩ የቀረበት ቦታ ረባዳ ነው። ማርከሩ ሁሉ ሲጠፋ አቁም። ጓርኒሲዮኑ ቦይ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ቦዩን በወረቀት አትንካው፣ በጥርስ ቡርሽ አጽዳው።

የቴስታታው ፊት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በእጅ ወረቀት አይፈገፈግም። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ ወይም በጠንካራ እንጨት መፋቂያ አንሣ፣ የቀረውን በጓርኒሲዮን አንሺ ፈሳሽ አለስልስ። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱ፣ በሁለቱም ሰያፍ አስቀምጠህ የክፍተት መለኪያ ምላጭ ከሥሩ ለማስገባት ሞክር። በብዙ የቶዮታ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላይ 0.05 ሚሊ ሜትሩ ምላጭ ከገባ ተጣሟል ማለት ነው፤ የሞተሩን መመሪያ እይና ወደ ማሽን ቤት ውሰደው። በእጅ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ጠርዙን ነው የሚያወርደው፤ እጅ ወደ ዳር ሲደርስ ሳያውቀው ይጫናል። መሃሉ ተራራ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃው በጠርዝ በኩል ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑም ይነድዳል።

ልስላሴውም ልክ አለው። ከንብርብር ብረት የተሠራው ጓርኒሲዮን በጣም የለሰለሰ ፊት ይፈልጋል፣ ማሽን ቤቱ ያንን ማወቅ አለበት። አሮጌው የቃጫ ዓይነት ግን መስታወት ከሆነ ፊት ላይ ይንሸራተታል፤ ትንሽ የሚይዘው ሸካራነት ያስፈልገዋል።


ቀይ መስመር ፦

ቴስታታው ከወረደ አይቀር የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎቹ በወረቀት መስታወት እስኪመስሉ ቢበሩ ሞተሩ የበለጠ አይተነፍስም? አየሩ ያለ እንቅፋት ይገባል።


ማይክሮን ፦

መውጫው ይብራ፣ መግቢያው አይብራ። በካርቡራተርም ሆነ ወደ መግቢያ ቀዳዳ በሚረጭ ኢንጄክሽን ቤንዚኑ ግድግዳውን እየነካ ነው የሚገባው። ግድግዳው መስታወት ከሆነ ጠብታው ፊልም ሆኖ ይተኛል፣ በጅረት ይወርዳል፣ በተለይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያንገጫግጫል። ከ80 እስከ 120 የተፈገፈገ ግድግዳ ጠብታውን ሰብሮ አየሩ ውስጥ ይመልሰዋል። ጥቅም የሚገኘው ከማብራቱ ሳይሆን የቀረጻ ጥፍሮችን ከማንሣትና የማኒፎልዱ (ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ቱቦ) ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ ጋር ሳይሸራረፍ እንዲገጥም ከማድረግ ነው። ጓርኒሲዮኑን አስቀምጡና በሹል ነገር ዙሪያውን ጭረቱ፤ ወደ ውስጥ የወጣውን ብቻ በክብ ሞረድና በ80 አንሡ። ቀዳዳውን ማስፋት አያስፈልግም፤ ከጀርባው የውሃ መንገድ አለ።

የመውጫ ቀዳዳና የማቃጠያ ክፍሉ ግን እስከ 400 ቢሄዱ ካርቦን እንደ ልብ አይይዛቸውም። ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ሹል ጠርዝ ካለ አደብዝዙት፣ ሹል ጠርዝ ቀልቶ ቤንዚኑን ያለ ካንዴላ ያስነሣል። ይህን ስትሠሩ ቫልቮቹ ይውጡ ወይም አሮጌ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ይቀመጥ፤ ወረቀት የቫልቭ መቀመጫውን አንዴ ቢጨርፈው ቫልቩ አይዘጋም።

የሲሊንደር ግድግዳ ደግሞ በፍጹም አይበራም። መስቀልያው ጭረት ለፋሻዎቹ (ለፒስተን ቀለበቶቹ) ዘይት ይይዝላቸዋል። ያበራችሁት ሲሊንደር ዘይት ይበላል።


ራንዴላ ፦

ክራንክሻፍቱ ላይ ስስ መስመሮች አሉ። በእጅ ይቻላል?


ማይክሮን ፦

ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አግድም አሳልፉ። ጥፍር ከያዘው የእጅ ሥራ አይደለም፤ ወደ ማሽን ቤት ሄዶ ተላግቶ 0.25 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብሮንዚና ይገባበታል። ጥፍር ካልያዘው ግን መጀመሪያ በማይክሮሜትር ለኩ፦ እያንዳንዱን አንገት (ብሮንዚና የሚቀመጥበትን ክብ ክፍል) በሁለት ቦታ፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ። ክብነቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛባ አትልፉበት።

ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው በጨርቅ ላይ የተሠራ የ600 ሽንጥር ዘይት ነክራችሁ አንገቱን ጠቅልሉ፣ በላዩ የጫማ ክር ሁለት ዙር አዙሩና የክሩን ሁለት ጫፍ እየተፈራረቃችሁ ሳቡ። ክሩ ግፊቱን ዙሪያውን እኩል ያካፍላል፤ በጣት ከሆነ አንገቱ እንቁላል ይሆናል። ሃያ ሠላሳ ምት፣ ክራንኩን ሩብ ዙር አዙሮ እንደገና። በ1000 ጨርሱ። አንገቱ ከክንፉ ጋር የሚገናኝበትን ጎድጎድ ያለ ማዕዘን አትንኩ፣ ክራንክ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ቀረጻ ብረት የሆነ ክራንክ ላይ የመጨረሻው ማለስለስ ወረቀቱ ቆሞ ክራንኩ ራሱ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እየዞረ መሆን አለበት። በብረቱ ውስጥ ያሉት የግራፋይት እንክብሎች ሲፈገፈጉ ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን እሾህ ይነሣል፣ እሾሁ እንደ ድመት ፀጉር ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ክራንኩ ሲዞር እሾሁ ብሮንዚናውን እንዳይፋቅ መተኛት አለበት። በመጨረሻ የዘይት ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጠባብ የጠርሙስ ቡርሽና በሳሙና ውሃ እጠቡ፤ እዚያ የቀረ ፍሬ የመጀመሪያው ዘይት ይዞት ብሮንዚና ላይ ይተፋዋል።


ከጅዳ ፦

ወደ ክዳኑ ልመልሳችሁ፣ ከ2000 በኋላ ስላለው። እንደ አውቶሶል ያለ የቱቦ ፖሊሽ ይበቃል። የአተር ፍሬ ያህል ብቻ፣ በአሮጌ ንጹሕ የጥጥ ካናቴራ፣ በአንድ ጊዜ ከመዳፍ ያልበለጠ ቦታ። ጨርቁ ይጠቁራል፤ የጠቆረው የተነሣው አሉሚኒየም ነው፣ ሥራው እየሄደ ነው ማለት ነው። ሳይደርቅ በሌላ ጨርቅ ጥረጉት። ቅባቱ ፊደላት ውስጥ ከቀረ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ነስንሳችሁ በደረቅ ጥጥ አሹት፤ ዱቄቱ ቅባቱን ጠጥቶ ይረግፋል፣ ብርሃኑም በአንድ ጊዜ ይከፈታል።

ለማቆየቱ፦ ሰም አይኖርም። ካርኖባ ሰም የሚቀልጠው 85 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የሞተር ክዳን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ግልጽ ቫርኒሽ የሚቀቡም አሉ፤ መስታወት የሆነ ፊት ላይ የሚይዘው ጥርስ ስለሌለው ከብሎኖቹ ዙሪያ ጀምሮ ይላጣል፣ በሙቀትም ቢጫ ይሆናል። እንዲህ እንደ ጅዳ ወይም እንደ ጅቡቲ ባለ ጨው ባዘለ የባሕር አየር የበራ አሉሚኒየም በአንድ ወር ውስጥ ይደበዝዛል፣ በየሦስት ሳምንቱ የአምስት ደቂቃ ፖሊሽ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ደረቅ ወራት ግን ብዙ ይቆያል። እዚያ ያላችሁ ሞተር በውሃ ሲታጠብ ኮስቲክ ያለበት ማጠቢያ እንዳይነካው ብቻ ለአጣቢው ንገሩት፤ የአሥር ሰዓት ሥራ በሁለት ደቂቃ ነጭ ይሆናል።


ራንዴላ ፦

2000 አልቋል፣ ፖሊሹም። የጣት ቀለበት አጠገቡ ሲያዝ ይታይበታል። የቀሩት የአየር ነጥቦች ከክንድ ርቀት አይታዩም፣ የቴስታታ ሰው እንዳለው። ነጩ ጨርቅ አራተኛው እጥበት ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሊገጠም ነው።


ሞርሳ ፦

እጅህን ያሳርፈው። ስትገጥም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። በካም መያዣዎቹ ግማሽ ክብ ማዕዘኖች ላይ ብቻ የሩዝ ፍሬ ያህል ሲልከን አድርግ፣ ሌላውን ፊት ደረቅ ተወው። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር። የብዙዎቹ ክዳን ማጥበቂያ ከ6 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ የሞተርህን ቁጥር እይ፤ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት እንደማለት ነው። ከብሎኖቹ ራንዴላዎች ሥር ያሉት ጎማዎች ደርቀው ከሆነ ቀይራቸው፣ አለዚያ ዘይት በብሎኑ በኩል እየወጣ የበራውን ፊት ይሄድበታል።

ሞተሩን አሙቀህ አጥፋውና ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ጥረግ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይር፤ የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰህ ፀሐይ ላይ አየው። የሚብለጨለጭ ብናኝ ከሌለበት ጥሩ ምልክት ነው።